የአብካዝ ገበሬዎች የወተትና የሚሌት ሾርባ

ወተትና እህል አንድ ድስት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቅንጬን በወተት ቀቅላችሁ ታውቃላችሁ። አጥሚት ለአራስ አፍልታችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን በሩቅ አገር የሚኖሩ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ስለሚሠሩት ሾርባ ነው። ሾርባው ከአጥሚት ወፈር፣ ከቅንጬ ቀጠን ይላል። የሚገባበትም ነገር ጥቂት ነው፤ እህል፣ ውሃ፣ ወተት፣ ጨውና ትንሽ ቅቤ። ይኸው ነው። ነገር ግን ከዚህች ትንሽ ድስት ጀርባ ብዙ ታሪክ አለ፤ አንዳንዱ እውነት፣ አንዳንዱ ደግሞ ተረት ነው። እስቲ ሁለቱን እንለያቸው።

አብካዞች የሚባሉት ሕዝቦች የሚኖሩት ጥቁር ባሕር በሚባለው ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ከፊታቸው ባሕሩ፣ ከኋላቸው የካውካሰስ ተራሮች ናቸው። የተራሮቹ ጫፍ በረዶ የሚለብስ ሲሆን፣ ከግርጌ ግን አገሩ ሞቃትና ዝናባማ ነው። ዋና ከተማቸው ሱኹሚ ትባላለች። አገሩ በሶቪየት ኅብረት ዘመን በጆርጂያ ሪፐብሊክ ሥር ራሱን የሚያስተዳድር ክፍል ነበር። በ1992 እና በ1993 (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከባድ ጦርነት ተደርጎበት ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ከተፈናቀሉትም አብዛኞቹ ጆርጂያውያን ነበሩ። በ2008 ሩሲያ ለብቻው አገር ነው ብላ አወቀችው፤ አብዛኞቹ የዓለም መንግሥታት ግን የጆርጂያ ክፍል አድርገው ይቆጥሩታል። ከሕዝቡ መካከል ክርስቲያንም እስላምም አለ። ከብት፣ ፍየልና በግ ያረባሉ። በበጋ እረኞች መንጋቸውን ይዘው ወደ ከፍተኛው የተራራ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ቆላው ይመለሳሉ። እንግዲህ እንዲህ ላለ እረኛ አንድ ከረጢት ጥሬና የራሱ ፍየል ወተት ካለው ምን ይጎድለዋል?

ጥሬው ሚሌት ይባላል። ሚሌት የአንድ እህል ስም ብቻ አይደለም፤ የብዙ ደቃቅ እህሎች የወል ስም ነው። የእኛም ዳጉሳ ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። የአብካዙ ሾርባ የሚሠራበት ሚሌት ግን ከዳጉሳ የተለየ ነው። ፍሬው ክብ ነው፤ ገለባው ሲወልቅ ቢጫ ይሆናል። መጀመሪያ የተለመደው (ማለት ከዱር ሣርነት ወደ ማሳ እህልነት የተለወጠው) በሰሜን ቻይና ነው፤ ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እየተላለፈ ካውካሰስ ደረሰ። ዳጉሳ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው። ሁለቱ ዝምድናቸው በመልክና በሥራ ነው እንጂ በትውልድ አገር አይገናኙም።

ይህ ሚሌት ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል ብትሉ፣ ቶሎ ይደርሳል። በሁለት ወር፣ ቢበዛ በሦስት ወር ይታጨዳል። ብዙ ውሃም አይፈልግም። ታዲያ ችግሩም እንደ ጥቅሙ ነው። ወፍ ይወደዋል። አረሙ ያስቸግራል። ከታጨደም በኋላ ቅርፊቱ በሙቀጫ ተፈትጎ መውለቅ አለበት፤ ይህም ሥራ የወደቀው በየትም አገር እንደሚታየው በሴቶች ክንድ ላይ ነበር።

በኋላ በቆሎ መጣ። በቆሎ የአሜሪካ ምድር እህል ነው፤ በመርከብና በነጋዴ እጅ ጥቁር ባሕር ዳር ደረሰ። ዝናባማው ቆላ ተስማማው። ምርቱ በለጠ። ፍሬው በቅጠል ስለሚሸፈን ወፍ እንደ ልቡ አይለቅመውም፤ ፍተጋም አይፈልግም። ገበሬው አመዛዘነና ሚሌቱን ቀስ በቀስ ተወው። ይህን ስናነብ ገበሬው ተሳሳተ ማለት አይገባንም፤ የሚበላ ቤተሰብ ያለው ሰው የበለጠ የሚያስገባለትን ይዘራል። ነገር ግን ማሳው ሲለወጥ ድስቱም ተለወጠ። አቢስታ የሚባለው የአብካዞች ገንፎ ድሮ የሚሌት ነበር፤ ዛሬ የበቆሎ ነው። ያለ ጨው ተገንፍቶ፣ ጨዋማ አይብ ትኩሱ ውስጥ ተሰክቶበት በእጅ ይበላል። በወተትና በአይብ የሚገነፋ አቻሚክዋ የሚሉትም አላቸው። ሚሌቱ በየዕለቱ ከገበታ ቢርቅም በወተት ሾርባ ውስጥ ቦታውን አልለቀቀም። ምክንያቱም እንደ ሙሉ ፍሬ ሳይፈጭ ወተት ውስጥ ሲቀቀል፣ የበቆሎ ዱቄት የማይሰጠውን ልስላሴ ይሰጣል።

የሚሠራበትንም ቤት ላሳያችሁ። አብካዞች ከመኖሪያው ቤት ለይተው አፓጽኻ የሚሉት ማድ ቤት ነበራቸው። ግድግዳው ከቅርንጫፍ የተጎነጎነ ነው፤ ልክ እንደ ቅርጫት። ጭሱ በቀዳዳው ሁሉ ይወጣል። እሳቱ መካከል ላይ ይነዳል፤ ከላይ አይብና ሥጋ ተሰቅሎ ይታጠናል። እኛ ሦስት ጉልቻ በምናስቀምጥበት ቦታ እነሱ ከጣሪያ የብረት ሰንሰለት ያወርዱና ድስቱን ያንጠለጥላሉ። ይህ ሰንሰለት ለቤተሰቡ ክቡር ነገር ነበር። ለሥራም ብልህነት አለው፤ እሳቱ ሲበረታ ድስቱን ከፍ፣ ሲደክም ዝቅ ማድረግ ነው። ወተት ለሚያፈላ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይመቸዋል?

አሁን ወደ ተረቱ እንምጣ። አብካዝ ማለት በአንድ ወቅት በዓለም ጋዜጦች «ሰው የማይሞትበት አገር» ማለት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በ1973 ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት የዶክተር አሌክሳንደር ሊፍን ጽሑፍ አወጣ። ዶክተሩ ካውካሰስ ድረስ ሄደው፣ ክፋፍ ላሱሪያ የሚባሉ የኩቶል መንደር አሮጊት አግኝተው ነበር። የእኚህ እናት ዕድሜ ከ130 ዓመት በላይ ነው ተባለ። ሌላውም እንዲሁ 120 ነው፣ 140 ነው ይባል ነበር። ከዚያማ ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ፍለጋ ሄደ። ወተቱ ነው ያለ አለ። እርጎው ነው ያለ አለ። በ1970ዎቹ አንድ የአሜሪካ እርጎ ፋብሪካ እነዚህን ሽማግሌዎች እርጎ ሲበሉ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠርቶ ብዙ ተነገረለት።

ግን የሰውን ዕድሜ በምን ያውቁ ነበር? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በ1974 ዦረስ ሜድቬዴቭ የሚባሉ የሶቪየት ተወላጅ ሳይንቲስት ይህንኑ ጠየቁ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሲወለዱ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የሚጽፍም፣ የሚያነብም በመንደሩ አልነበረም። አንዳንዱ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለውትድርና እንዳይወሰድ የአባቱን ወረቀት ይዞ፣ በአባቱ ስምና ዕድሜ ኖረ ይላሉ። ሲያረጅ ወረቀቱ ከሰውዬው ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ቀድሞ አረጀ ማለት ነው! ሽማግሌ በሚከበርበት አገር ደግሞ ዕድሜ ሲጨመርለት እምቢ የሚል ማን ነው? ዶክተር ሊፍም በኋላ የጻፉት ዕድሜ እንደማያስተማምን ተቀብለዋል። በማስረጃ የተረጋገጠው የሰው ልጅ ረጅሙ ዕድሜ 122 ዓመት ነው፤ እሱም በ1997 የሞቱት የፈረንሳይዋ ዣን ካልማን ዕድሜ ነው። ሲወለዱ ተጽፎላቸው ነበር።

የአብካዝ ቋንቋ ራሱ የመጀመሪያ ፊደሉ የተዘጋጀለት በ1862 ነው፤ ያዘጋጀውም ፒተር ኡስላር የሚባል የሩሲያ የጦር መኮንን ነበር። የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ተብሎ ሰፋ ብሎ የታወቀው የድሚትሪ ጉሊያና የማቻቫሪያኒ ሥራ የወጣው በ1892 ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደሉ መከራውን አየ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ላቲን፣ በ1938 ወደ ጆርጂያ ፊደል፣ በ1954 ተመልሶ ወደ ሩሲያው ፊደል ተለወጠ። አባት የተማረበትን ፊደል ልጅ የማያነብበት ዘመን ነበር። እንግዲህ ከ1862 በፊት ተወለድኩ የሚል ሰው የልደቱን ቀን በገዛ ቋንቋው ማን ሊጽፍለት ይችል ነበር? እናንተ ግን የልጃችሁን የልደት ቀንና ዓመተ ምሕረት ዛሬውኑ ጽፋችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ይህን ስንል ሾርባውን ማጣጣላችን አይደለም። 130 ዓመት ባይኖሩም እነዚያ ሽማግሌዎች ዳገት የሚወጡ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ በገበታ ላይ ቀድመው የሚቀርብላቸው ብርቱ ሰዎች ነበሩ። የሾርባው እውነተኛ ጥቅም ደግሞ ተረት አያስፈልገውም። እህል ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢነቱ ግን ጎደሎ ነው። ለሰውነት ከሚያስፈልጉት ገንቢ ነገሮች አንዱ በሚሌት ውስጥ በጣም ያንሳል፤ ያው ነገር በወተት ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጡት መተው ለጀመረ ሕፃን፣ ከበሽታ ለተነሣ ሰው፣ ጥርሱ ላለቀ አዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው። (ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ሾርባም የላም ወተትም አይሰጠው።)

አሁን ወደ ድስቱ። ልኩ ለአምስት ሰው ነው። አንድ ብርጭቆ የተፈተገ ሚሌት፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ አምስት ብርጭቆ ወተት፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ። ብርጭቆው ትልቅም ይሁን ትንሽ ሁሉንም በዚያው በአንዱ ለኩ።

መጀመሪያ ሚሌቱን በሰፌድ አንገዋልሉና ጠጠሩንና ያልተፈተገውን ልቀሙ። ቀጥሎ እጠቡ። ይህን «እጠቡ» የሚለውን ቃል እንደ ቀላል አትለፉት። የሚሌት ፍሬ ቅባት አለው። ቅርፊቱ ከወለቀ በኋላ ሲቀመጥ ቅባቱ ይበላሽና ይመራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ በእጅ እያሹ፣ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ ነው። በመጨረሻ ሙቅ ውሃ አፍስሱበትና ወዲያው አጥልሉት፤ ምሬቱ አብሮ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ሾርባው መረረኝ ብሎ እህሉን ይሰድባል፤ ጥፋቱ ግን የእህሉ ሳይሆን የአጠባው ነው።

ከዚያ ሚሌቱን በውሃ ቀቅሉ፤ ወተቱ ገና ነው። ለምን በወተት አይጀመርም? እህል በወተት ውስጥ ቶሎ አይበስልም። ፍሬው እስኪለሰልስ ብትጠብቁ ወተቱ ከሥር ያርራል። ስለዚህ ሦስቱ ብርጭቆ ውሃ ሲፈላ ሚሌቱን ጨምሩ፤ አረፋውን ግፈፉ፤ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይፍላ። ሰዓት የሌላችሁ ፍሬውን በጣታችሁ ፈትኑት። ውጭው ለስልሶ መካከሉ ገና ጠንከር ያለ ከሆነ ጊዜው ነው። ውሃውም አብዛኛው ተመጥጦ ታገኙታላችሁ።

ወተቱን በሌላ ዕቃ አፍልታችሁ ጠብቁ። ወተት የምታፈሉበትን ድስት አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ብታለቀልቁት ሥሩን እንደ ልቡ አይዝም። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሣ ድረስ ይፍላ እንጂ ለብ ብሎ አይውጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ላሟ ጤነኛ ትምሰል እንጂ ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና ላም የምታስወርድበትን ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ወደ ሰው ያመጣል። ብሩሴሎሲስ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ይመላለስበታል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ወባ ነው ሲሉ ወሮች ያልፋሉ። ሁለቱንም እሳት ይገድላቸዋል። ወተቱን እርጎ ማድረግ ብቻ ግን አያስተማምንም። አብካዞችም እርጎአቸውን የሚያረጉት ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምረውበት ነው፤ ይህ ከጥሬ ወተት እርጎ በብዙ ይሻላል።

የፈላውን ወተት ሚሌቱ ላይ ስታፈሱ በአንድ ጊዜ አትገልብጡት። ጥቂት ጥቂት እያፈሰሳችሁ በማማሰያ አማስሉ፤ የተያያዘው ፍሬ ይበተናል። ጨው አሁን ይግባ። እሳቱን ቀንሱ፤ እንጨት ከሆነ ሁለቱን ጉማጅ አውጡና በፍሙ ብቻ ተዉት። ድስቱ ይንተክተክ እንጂ አይንጠቅጠቅ። አብካዟ ሴት እዚህ ላይ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ከፍ ታደርገዋለች። ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ፣ በየጊዜው ሥሩን እየነካችሁ አማስሉ። ላዩን ብቻ ማማሰል ጥቅም የለውም፤ የሚያርረው ከሥር ነውና። ከላይ የሚረጋውን ስልባቦት አትጣሉት፤ መልሳችሁ ቀላቅሉት።

ፍሬው ፈንድቶ ወተቱ ሲወፍር ይውጣ። ክደኑትና ዐሥር ደቂቃ ይረፍ። ሲወጣ ቀጠነብኝ ብላችሁ እህል አትጨምሩ፤ እያረፈ በራሱ ይወፍራል። ቅቤው በየሳህኑ ላይ ጥቂት ጥቂት ይደረጋል። ለልጆች ማር ጠብ ማድረግ ይቻላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። አብካዞች በሚበሉበት ቤት አጂካ ከገበታ አይጠፋም። አጂካ ማለት በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቅመም በድንጋይ ላይ ተደቁሶ የሚሠራ ነው። ዳጣ በሉት፣ ከሩቅ ሆነን ስናየው ወንድማማች ይመስላሉ። ቃሉ በቋንቋቸው ጨው ማለት ነው። ሲተርኩትም የከብት ባለቤቶች እረኞች ጨዋቸውን እንዳይበሉባቸው በርበሬ ቀላቀሉበት፤ እረኛው ግን ያንኑ አጣፍጦ ምግብ አደረገው ይላሉ። ለሾርባው ሳይሆን ከጎኑ ለሚቀርበው አይብና አቢስታ ነው የሚሆነው። ወተቱ ላይ በርበሬ መበተን ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሁለቱንም ጣዕም ማጥፋት ነው።

ይህ ቢጫ ሚሌት በእኛ ገበያ የተለመደ አይደለም። ታዲያ በዳጉሳ ቢሞከርስ? ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ፍሬ አይሆንም። የዳጉሳ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ ቅርፊቱም እንደዚያኛው ተፈትጎ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ዳጉሳውን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ብቻ አመስ አድርጉና ሻካራ አድርጋችሁ ክኩት። የተከካውን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ እንዲያው ወደ ፈላ ውሃ ብትበትኑት ይጓጉላል። የቀረው ያው ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የፈላ ወተት፣ ቀጥሎ ቀዝቀዝ ያለ እሳት። መልኩ ቡናማ ይሆናል፤ ጣዕሙም ከቢጫው ሚሌት ይለያል። የአብካዝ ሾርባ ነው ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ግን አጥንት በሚያጠነክረው በካልሲየም ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ የላቀ ስለሆነ ለልጆች የከፋ ለውጥ አይደለም። ወተት በሚበላበት ቀን ትንሽ ድስት ጥዳችሁ ሞክሩት።

የተረፈው ሾርባ ሞቃት ቦታ ላይ ካደረ ይኮመጥጣል፤ ማታ የተሠራውን ጠዋት ብሉት። ሲያድር ወፍሮ እንደ ገንፎ ይቆማል። ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ወተት ጨምራችሁ እንደገና እስኪፈላ አሙቁት። ከድስቱ ሥር የያዘችው ቀይ ቅርፊት ካላረረች አትታጠብ፤ በየትኛውም አገር ድርሻዋ የልጆች ነው።